መሄዱ ዳገት፣ መመለሱ ቁልቁለት

እናቴ ከዳሪሙ መቱ ያለውን መንገድ በኪሎ ሜትር ለክታው አታውቅም። ዝናብ ከጣለ ይረዝማል፣ ካባራ ያጥራል፤ በቃ። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር እህቴ ከዋሽንግተን የላከችው የአውሮፕላን ትኬት ስልኬ ላይ ሲደርስም የጠየቀችው ርቀቱን አልነበረም፤ «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አለችኝ።

ቡናው ከተሰጣበት አልጋ ዳር ተቀምጠን ማስላት ጀመርን። መነሻው 22፡30 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። መድረሻው በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። «ዘጠኝ ሰዓት!» ብዬ አበሰርኳት። ቸኩዬ ኖሯል። ያ ጠዋት የዋሽንግተን ጠዋት ነው፤ ዋሽንግተን ደግሞ በዚያ ወቅት ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሲደመር 17 ሆነ። የመመለሻውን በተመሳሳይ መንገድ ባሰላው 13 ሰዓት ብቻ ወጣኝ። ደጋግሜ ቆጠርኩት፤ ያው 13።

እማዬ ጎሬ ላይ ዳኮታ አውሮፕላን የሚያርፍበትን ዘመን ታስታውሳለች። «መሄዱ ዳገት፣ መመለሱ ቁልቁለት ይሆናላ» አለች። ሳቅኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መንገዱን ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሲሄድ ደብሊን ላይ ያርፍ፣ ሲመለስ ግን የትም አይቆም ነበር። አየርላንድ ድረስ መዞር ምን የሚሉት ነው? ከትምህርት ቤት ሉል ተውሼ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ክር ወጠርኩ። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢሰመር በቻድና በማሊ የሚያልፈው መስመር፣ ሉሉ ላይ ሱዳንንና ሊቢያን ተሻግሮ በስፔን በኩል ወደ አትላንቲክ ወጣ። ርዝመቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደብሊን መዞር የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ! ለአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጥርጣሬዬ ከሸፈ።

ነገሩ ያለው ቦሌ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅ ከመንገደኛና ከሻንጣ ጋር ተሸክሞ መነሳት ስለሚከብደው ቀለል ብሎ ይነሳና ባሕር ጠለል አጠገብ ካለችው ደብሊን ይሞላ ነበር። የዋሽንግተኑ ደለስ ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም፤ ከዚያ ሙሉ ታንክ ይዞ በቀጥታ ይመጣል። የከበደው ከተራራ መነሳቱ ነው እንጂ ወደ ተራራ መውጣቱ አይደለም።

ሌላው ነፋሱ ነው። ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ሲከታተል፣ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በጃፓን የብርድ ወራት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሰከንድ 70 ሜትር ገደማ የሚጋልብ ነፋስ አገኘ። ዓለም ሁሉ እንዲያነብለው በ1926 እ.ኤ.አ. በኤስፔራንቶ ቋንቋ አሳተመው፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነበር። (ምነው በእንግሊዝኛ ቢጽፈው!) በ1944 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ቶኪዮ ላይ ከዚያው ነፋስ ጋር ተላተሙ። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ አውሮፕላን እንዲህ ያለውን ነፋስ በግንባሩ ይገጥመዋል፤ ሲመለስ ከኋላው ይገፋዋል።

ለእማዬ ይህን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ዳገቷ ከነፋስ የተሠራ መሆኑን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«ይሁን፤ ከዚህ አዲስ አበባስ ስንት ሰዓት ነው?»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በመቱ በኩል ጠቁሯል። ተነስተን ቡናውን መሸፈን ያዝን።