ደረሰኝ የሌለው ወጪ
በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈና «አንተ አካውንቲንግ አይደል የምትማረው? በል ግብሬን አስላልኝ» አለኝ። ወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ክፍል ውስጥ ዴቢትና ክሬዲት አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ፌስታሉ ግን አስቸገረኝ። በዚህ ጽሑፍ በግሉ የሚሠራ ሰው ግብሩን እንዴት አስልቶ እንደሚያሳውቅ በዚያው ሂሳብ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የሚታየው ደረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት በዚያን ጊዜ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ለ» ነበር። የወንድሜ ሽያጭ 640,000 ብር ስለነበረ እዚህ ይገባል። ደረጃ «ለ» ቀለል ያለ የሂሳብ መዝገብ ይይዝ ነበር፤ የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋም በሁለት ወር ውስጥ አሳውቆ ይከፍል ነበር።

ሁለተኛው ትርፉን ማውጣት ነው። ግብሩ የሚሰላው ከሽያጩ ላይ ወጪ ተቀንሶ በሚቀረው ነበር። እንጨትና ሌላ ዕቃ 380,000፣ የቤት ኪራይ 60,000፣ የሠራተኛ ደመወዝ 60,000፣ መብራት፣ ማጓጓዣና የማሽን እርጅና 20,000፣ በድምሩ 520,000 ብር። ትርፉ 120,000 ብር ሆነ። ለቤቱ አስቤዛ ያወጣው ግን የግል ወጪ ስለሆነ አይቀነስም።

ሦስተኛው ሠንጠረዡ ነው። ለዚህ ትርፍ ማስከፈያው 30 በመቶ፣ ተቀናሹ 11,460 ብር ነበር። ከ36,000 ላይ 11,460 ሲነሣ 24,540 ብር ይመጣል። ለአንድ ትምህርት ቤት የ50,000 ብር ወንበር ሲሸጥ 2 በመቶ፣ ማለትም 1,000 ብር ቀድሞ ተይዞበት ስለነበር እሱም ይታሰብለታል።

እዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ወረቀቶቹን ስቆጥር ግን የ80,000 ብር እንጨት ደረሰኝ አጣሁ።

«ጋሼ፣ የዚህስ የታለ?»

«እሱማ ያለ ደረሰኝ ነው የገዛሁት። 6,000 ብር ቀነሰልኝ።»

ማስረጃ የሌለው ወጪ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ትርፉ 200,000 ብር ሆነ፤ በ35 በመቶ ተሰልቶ 18,000 ሲነሣለት ግብሩ 52,000 ብር ደረሰ። 6,000 ብር አተረፍኩ ብሎ 27,460 ብር ጨመረ ማለት ነው። «ሽያጩን ቀነስ አድርገን ብንጽፈውስ?» አለኝ። እንቢ አልኩት፤ ወንጀል ነው፣ የሸጠባቸው ደረሰኞችም በገዢዎቹ እጅ አሉ። ተኳርፈን አመሸን። በማግስቱ ከዕቁብ ጓደኞቹ ዕጣ ለምኖ በጊዜው ከፈለ። ቢያዘገይ ኖሮ ባልተከፈለው ላይ ቅጣት ነበረበት።

አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ ደረጃ «ሐ» ቀርቷል፤ የደረጃዎቹ ወሰንና ማስከፈያውም ተለውጧል። ስለሆነም ከላይ ያሉት አኃዞች የ2014 ዓ.ም. ናቸው። ዛሬ የሚያሰላ ሰው በመጀመሪያ ደረጃውን፣ ግብሩም የሚሰላለት በትርፍ ይሁን በሽያጭ ይጠይቅ። በትርፉ ለሚገብር ግን የደረሰኝ ነገር ያው ነው።

አሁን በወንድሜ ሥራ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ምስማር አለ፤ በአንዱ የሽያጭ፣ በሌላው የግዢ ደረሰኝ ይሰካል። እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችም በንግድ የሚተዳደሩ ቤተሰቦቻችንን ነሐሴ ላይ ሳይሆን መስከረም ላይ ብንጠይቃቸው፣ ከፈተና ውጤታችን የበለጠ እንጠቅማቸዋለን።