የዓመት ጥቅል ወይስ የወር? ወለጋ ላይ ሆነን እናስላው

መስከረም 1 ቀን ጠዋት የ30 ቀን የሞባይል ጥቅል ገዛችሁ እንበል። ባለቀ ቁጥር በዚያው ቀን እያደሳችሁ 12 ጊዜ ብትገዙ የመጨረሻው መቼ ያልቃል? ነሐሴ ሲያልቅ! ጳጉሜን ባዶዋን ትቀራለች። የወር የምንለው ጥቅል 30 ቀን ነው፤ 12ቱ ቢደመሩ 360 ቀን ብቻ ይሸፍናሉ። 365 ቀን የሚሠራ የዓመት ጥቅል ግን ጳጉሜንንም ይጨምራል። የእኛ አቆጣጠር ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው ከዚህ የጀመርኩት፦ ጥቅል ስናወዳድር መቁጠር ያለብን ቀን ነው።

በኢትዮ ቴሌኮም *999# ስትገቡ ሜኑው ዕለታዊ፣ ሳምንታዊ፣ ወርሃዊ እያለ ይዘረዝርላችኋል። የሦስት ወር፣ የስድስት ወርና የዓመት ጥቅሎችም ይቀርባሉ። ረጅሙ ሁልጊዜ በቀን ሲሰላ ርካሽ ይመስላል። ታዲያ ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ያለ ሰው ረጅሙን ይግዛ? መልሱ የሚገኘው አንዲት ቀላል ማካፈል ውስጥ ነው።

ለስሌት እንዲመቸን ዋጋውን ራሳችን እናውጣ፤ የዕለቱን ዋጋ ሜኑው ላይ ታገኙታላችሁ። የወሩ ጥቅል 400 ብር፣ ተመጣጣኝ የሆነው የዓመቱ ደግሞ 4,000 ብር ይሁን። 400 በ12 ሲባዛ 4,800 ነው፤ ስለዚህ የዓመቱ 800 ብር ያተርፋል። ማስታወቂያ የሚነግረን እስከዚህ ድረስ ነው፣ ስሌቱም ልክ ነው። እናንተ ግን የዓመቱን ዋጋ ለወሩ ዋጋ አካፍሉት፦ 4,000 ለ400 ሲካፈል 10 ይመጣል። ይህ 10 መቁረጫችሁ ነው። በዓመት ውስጥ 11 ወይም 12 የወር ጥቅል የምትጨርሱ ከሆነ የዓመቱ ይሻላችኋል። 9 ብቻ የምትገዙ ከሆነ ግን "ርካሹ" የዓመት ጥቅል 400 ብር አስወጥቷችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ፣ በሚመጣው ዓመት ጥቅሉ በእርግጥ የሚያገለግላችሁ ስንት ወር ነው የሚለው ነው። ወለጋ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል።

የ2012ን ዓመት አስታውሱ። ከታኅሣሥ 24 እስከ መጋቢት 22 በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ነቀምቴ ላይ ደግሞ መደወልና አጭር መልእክት መላክ ሲቻል ኢንተርኔት አልነበረም። አገልግሎቱ የተመለሰው ኮሮና አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። 88 ቀን ማለት ነው፤ ሦስት የወር ጥቅል ሊሞላ ሁለት ቀን የቀረው። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፣ ከሁለት ሳምንት በላይም ቆየ።

አሁን ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። አንዷ በየወሩ ትገዛለች። ኔትወርክ ሲጠፋ አትገዛም፤ ብሩ እጇ ላይ ነው። ሌላው ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ ጨርሷል። ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም የጥቅሉ ቀን ይቆጠራል። ጤፍ በኩንታል የገዛ ሰው መንገድ ቢዘጋበት እህሉ ቤቱ አለ፤ ነገ ያስፈጨዋል። ጊጋ ግን ጎተራ የለውም። ቀኑ ካለፈ አለፈ።

ጥቅል ሥራ የሚፈታው ደግሞ በእንዲህ ያለ ትልቅ መቋረጥ ብቻ አይደለም። መብራት ለቀናት ሲጠፋ ስልክ ቻርጅ ማድረግም ይቸግራል። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክረምት ላይ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ቤተሰቡ ያለበት ቀበሌ ዳታ የማይስብ ከሆነ ሁለት ወር ከሒሳቡ ይወጣል። በጊቢው ዋይፋይ የሚጠቀም ከሆነም በትምህርት ወራት ራሱ የሚያስፈልገው ጊጋ ያንሳል። ለእንዲህ ያለ ተማሪ የወሩ፣ አንዳንዴም የሳምንቱ፣ ይበቃል።

"ዋጋ ቢጨምርስ? አሁን በጅምላ ብከፍል አይሻልም?" የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ዕቃም ሆነ አገልግሎት ቀድሞ የከፈለ ሰው ደስ ብሎታል። የዓመት ጥቅልም እንዲሁ ዋጋውን ለ365 ቀን ያስርላችኋል። ግን ታሪፍ ወደ ታችም ይወርዳል። ነሐሴ 16 ቀን 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ፣ የሞባይል ዳታን 43 በመቶ ቀንሶ ነበር። ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሁለት አቅራቢ አለን፤ አንዱ የተሻለ ነገር ሲያመጣ ወደዚያ መዞር የሚችለው እጁ ያልታሰረ ነው። የወር ጥቅል ዋና ጥቅሙ ይህ ነፃነት ነው።

የዓመቱ የሚያዋጣውም አለ፤ ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ የቡና ነጋዴ ነው። ወለጋ ላይ ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ ገንዘቡ በኅዳርና በታኅሣሥ እጅ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኪስ ይሳሳል። ጊምቢ ከተማ ውስጥ የሚኖር፣ ከአዲስ አበባ ጋር በየቀኑ ዋጋ የሚነጋገርና የቡና ናሙና ፎቶ የሚልክ ነጋዴ በታኅሣሥ የዓመት ጥቅል ቢገዛ ክረምቱን ስለ ካርድ ሳያስብ ያሳልፋል። ጥቅሉ የሚያልቀውም በሚቀጥለው ታኅሣሥ፣ ገንዘብ በሚገባበት ወር ነው። በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል መምህር ግን ይህ ጥቅም የለውም። 4,000 ብር በአንዴ ማውጣት ቤቱን ሊያናጋው ይችላል።

ጊዳ አያና ያለች እናት ደግሞ ሌላ ናት። ዳታ አትነካም፣ የምትፈልገው የልጆቿን ድምፅ ነው። ለእሷ ከአዲስ አበባ ሆኖ በስጦታ መልክ የወር የድምፅ ጥቅል መላክ ይቻላል። የልጅ ስጦታ በየወሩ ሲደርሳት ደስታዋም በየወሩ ነው።

የዓመቱን ልትገዙ ስትነሡ ሁለት ነገር አጣሩ። መጀመሪያ፣ ዳታው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል ወይስ በየወሩ ተከፋፍሎ? በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ኅዳር ላይ ልትጨርሱት ትችላላችሁ። ተከፋፍሎ ከመጣ ደግሞ የወሩ ትርፍ ወደሚቀጥለው ይዞራል ወይስ ይቃጠላል ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ፣ ጥቅሉ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ዳታ ክፍት ከሆነ ስልኩ ዝም ብሎ ካርድ ይበላል፤ ስለዚህ ማለቂያ ቀኑን መዝግቡ፣ ቀሪውን በ*804# እዩ። ዳታ የምትገዙት ለቴሌብር ብቻ ከሆነ ደግሞ *127# ያለ ዳታ እንደሚሠራ እወቁ።

የእኔን ምክር ልንገራችሁ። በ2012 የሰኔውን መዘጋት ሳንቆጥር ከ12 ወር ውስጥ ሦስት ያህሉ ሲቀነሱ 9 ቀሩ። ስለዚህ ወለጋ ያለ ሰው የዓመት ጥቅል ቢገዛ የምመክረው የማካፈሉ ውጤት 9 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ ያኔ መጥፎ ዓመት ቢገጥመው እንኳ ብዙ አይከስርም። ከ9 በላይ ከሆነ በወሩ ይቀጥል። ሁለቱም ልቡን ካልሞላው የሦስት ወሩን ይሞክር፤ በቀን ዋጋው ከወሩ ካነሰ ትንሽ ያተርፋል፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ደግሞ የሚያጣው ጥቂት ነው።

ያለፈውን ዓመት ለማወቅም መገመት አያስፈልግም። ጥቅል በገዛችሁ ቁጥር የደረሳችሁ የማረጋገጫ መልእክት ካልሰረዛችሁት ስልካችሁ ውስጥ ነው፤ በቴሌብር ገዝታችሁ ከሆነም የግብይት ዝርዝሩ ላይ አለ። ዛሬውኑ ቁጠሩት። የቆጠራችሁት ከመቁረጫው ከበለጠና መቁረጫው ራሱ ከ9 ካላለፈ ወደ ዓመቱ እሰቡ፣ ካልሆነ በወሩ ቀጥሉ።