ማኅደርና ሞረድ፤ «ፋይል» ስለሚባሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት



ከወላይታ ሶዶ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በቤሌ ከተማ ለሥራ በሄድሁበት ጊዜ አንድ የእንጨት ሥራ ኃላፊ ያጫወተኝን ነገር ለዛሬው ንግግር መነሻ አድርጌዋለሁ። ይህ ሰው የሠራተኞቹ መጋዝ ቢዶለዱምበት፣ የዕቃ መጠየቂያውን ቅጽ በእንግሊዝኛ ሲሞላ «ፋይል፣ 12» ብሎ ጻፈ። ከብዙ ቀን በኋላ የተላከለት ግን 12 የወረቀት ማኅደር ሆኖ ተገኘ። ሞረዱ እስኪመጣ ድረስ በቀን ሒሳብ የሚሠሩት አናጢዎች ያለ ክፍያ ሰነበቱ። ይሁንና ጠያቂውም ቃሉን አልሳተ፤ ላኪውም አልሳተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸውም አነጋገራቸውም አንድ የሆነ፣ ዝምድና ግን የሌላቸው ሁለት ቃላት አሉ። የመጀመሪያው በላቲን «ፊሉም»፣ ማለት ክር፣ ከሚባለው በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። የጥንት ጸሐፊዎች ወረቀታቸውን በክር ወይም በሽቦ እየሰኩ ያኖሩ ስለ ነበረ፣ ክሩ ስሙን ለወረቀቱ አወረሰ። በአምፑል ውስጥ የሚግለው ቀጭን ሽቦ «ፊላመንት» መባሉም ከዚሁ ከክሩ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ክርም ሽቦም ሳይኖር ስሙ ጸንቷል። ሁለተኛው ግን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደና ጀርመኖች «ፋይለ» ለሚሉት ዘመድ የሆነ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ሞረድ ነው።

ግሡም እንደዚሁ ነው። ጸሐፊ ማመልከቻን «ፋይል» አደረገ ቢባል በማኅደር አኖረው ማለት ነው፤ ብረት ሠሪ ብረትን «ፋይል» አደረገ ቢባል ግን ሞረደው ማለት ነው። አንዱ ያከማቻል፤ ሌላው ይፍቃል።

በእኛም ቋንቋ «ገና» የበዓል ስም ነው፤ «ገና» ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። ዳሩ ግን የበዓሉን አጥብቀን፣ ሌላውን አላልተን ስለምናነብ ጆሮ ይለያቸዋል። «ፋይል» ግን ለዓይንም ለጆሮም አንድ ነው፤ የሚለየው በአጠገቡ ያለው ቃል ብቻ ነው። በቅጽ ላይ ለብቻው የቆመ ቃል ደግሞ ይህ ረዳት የለውም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሰው ለወረቀቱ «ማኅደር»፣ ለመጋዙ «ሞረድ» ብሎ ቢጽፍ ይበጃል። በእንግሊዝኛ መጻፍ ግድ የሆነ እንደ ሆነም «የመጋዝ መሳያ» እንደማለት ያለ አገልግሎቱን የሚገልጽ ቃል ይጨምርበት። እንዲህ ያለች አጭር ማብራሪያ የአናጢውን የዕለት እንጀራ ታድናለች።