ሕክምናችንን ማን ይክፈል? የጋራ ቋት ወይስ የግል ኢንሹራንስ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ የሚኖር አንድ የቀን ሠራተኛ ድንገት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከብድር፣ ከዘመድ መዋጮ ወይም ከቤት ዕቃ ሽያጭ ነው። የጤና መድህን የተፈጠረው ይህን ለማስቀረት ነው፤ ሰዎች ጤነኛ ሳሉ ያዋጣሉ፣ የታመመው ይታከምበታል። አከራካሪው ጉዳይ መዋጮውን ማን ሰብስቦ ማን ይክፈል የሚለው ነው።

በአንድ ቋት ሥርዓት የሀገሩ ሰው ሁሉ በግብር ወይም በግዴታ መዋጮ ወደ አንድ ካዝና ያስገባል፤ ለሐኪም ቤቶች የሚከፍለውም ያ ካዝና ነው። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1995 የተበታተኑ መድህኖቿን ወደ አንድ አምጥታለች። ከፋዩ አንድ ሲሆን ዋጋ የመደራደር አቅሙ ይጎለብታል። በጀት ሲያጥር ግን ወረፋው ይረዝማል፤ በተመሳሳይ ሥርዓት የሚታከሙት ካናዳውያን የሚያማርሩት በዚህ ነው።

የግል ኢንሹራንስ በእኛ ሀገር በአብዛኛው ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚገቡት ውል ነው። ባለ ውሉ በግል ሆስፒታል ፈጥኖ ይታከማል። ኩባንያው ግን ማትረፍ ስላለበት፣ ሕግ ካልከለከለው በቀር፣ ለአዛውንትና ለስኳር ሕመምተኛ ዋጋ ይጨምራል ወይም አይቀበላቸውም። ሥራውን የለቀቀም ሽፋኑን ያጣል።

ኢትዮጵያ ያዘነበለችው ወደ ጋራ ቋት ነው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ኋላ አዲስ አበባም ደርሷል። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ለድሃ ድሃው መንግሥት ይከፍላል። አባሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታያል፤ ሆስፒታል የሚሄደው ሪፈር ሲጻፍለት ነው። ለደመወዝተኛውም በ2002 ዓ.ም. የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቢወጣም ትግበራው ለዓመታት ተጓትቷል።

ሦስት ችግሮች አሉ። አንደኛው፣ አባልነቱ በፈቃድ ሲሆን ሕመም ያለበት ይመዘገባል፣ ጤነኛው ይቀራል። ሰው የሚገባበት ለቅሶ ሲደርስበት ብቻ ቢሆን የትኛው ዕድር ይቆማል? ሁለተኛው፣ ቋቱ በየወረዳው ሲከፋፈል ጥቂት ከባድ ሕመምተኞች ያራቁቱታል። ሦስተኛው አባሉን በጣም የሚያስመርረው ነው፦ መዋጮውን ከፍሎ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱን «የለም፣ ውጭ ግዙ» ይባላል። በቀጣዩ ዓመት ለማደስ የሚያቅማማው ለዚህ ነው።

የግል ኢንሹራንስ ለሚችለው ተጨማሪ ሆኖ ይቀጥል። የቀን ሠራተኛውንና ጉልት ነጋዴዋን ሊይዝ የሚችለው ግን የጋራ ቋቱ ነው። ስለዚህ የወረዳ ቋቶች ወደ ትልቅ ቋት ይጠቃለሉ፤ ደመወዝተኛውም ይግባበት። ከሁሉ በፊት ግን የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ይሙላ። መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያው ይዞ የወጣ አባል የመድህን መታወቂያውን ለማደስ ቀስቃሽ አያስፈልገውም።