ራስ የሌለው ዓሣ

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው በአገራችን ያለ አይመስለንም። አለቃው ሲያዳላ ጸሐፊው በልቡ የሚያጉተመትመው፥ ሹሙ ሲያጠፋ ምንዝሩ የሚያመካኝበት ተረት ነው። ዳሩ ግን ዘወትር ስለ ሰው ስንጠቅሰው ስለ ዓሣውም እውነት መሆኑን ሳንዘነጋው አልቀረንም።

ይህን ያስታወሰን ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የጾም እሑድ የደረሰብን ነገር ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል፥ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን እንለፈው።) እኛና ሁለት የሥራ ባልደረቦቻችን ገንዘብ አዋጥተን፥ የአንደኛውን አጎት ምሳ ለመጋበዝ ተነሣን። አጎትዮው ዕድሜያቸውን በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያሳለፉ ሰው ናቸው። ከአንድ ትልቅ መደብር ገብተን፥ በፍሪዘሩ ውስጥ ከተደረደሩት የዓሣ ፊሌቶዎች መካከል እጅግ ነጩንና ዋጋው የቀለለውን መርጠን ሁለት ኪሎ ገዛን። ነጭነቱ የጥራቱ ምስክር መስሎን ነበር።

መጥበሻው ላይ በወጣ ጊዜ ግን ዓሣው በመጠበስ ፈንታ መቀቀል ጀመረ። ውሃው እየወጣ ዘይቱን ሲያንጫጫው ሥጋው እየኰሰሰ ሄደ። ለአራት ሰው የታሰበው ምሳ ለሁለት ሰው እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ሆነ፤ ጣዕሙም የረጠበ ወረቀት ከማኘክ አይሻልም ነበር። እንግዳችን ጨዋ ሰው ናቸውና በማዕድ ላይ ምንም አላሉም። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ግን ፈገግ ብለው፥ «ለመሆኑ ልጆቼ፥ የዚህን ዓሣ ራስ አይታችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። አላየንም። «እንግዲያስ ምኑን አይታችሁ ገዛችሁት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

የጥያቄያቸው ምክንያት ግልጽ ነው። ዓሣ ከሞተ በኋላ ፈጥኖ የሚበላሸው በመተንፈሻውና በሆድ ዕቃው በኩል ነው፤ ለዓይን የማይታዩት ተሕዋስያን በብዛት የሚገኙት እዚያ ነውና። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው አስቀድሞ የዓሣውን ዓይን ያያል፤ ጎላ ብሎ የጠራ እንደ ሆነ ይወስደዋል፥ የሰረጎደና የደፈረሰ እንደ ሆነ ይተወዋል። ቀጥሎ የጉንጩን መክደኛ ገልጦ መተንፈሻውን ይመለከታል፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ዓሣው ትኩስ ነው፥ ቡናማ ሆኖ የሚያዝለገልግ ከሆነ ግን ቆይቷል። ከዚያም ጎኑን በጣቱ ይጫነዋል፤ የተጫነው ሥጋ ወዲያው ከተመለሰ ጽኑ ነው፥ ጎድጉዶ ከቀረ ግን ጊዜው አልፏል። አፍንጫም የራሱ ሥራ አለው፤ ትኩስ ዓሣ የሐይቅ ውሃ ሽታ እንጂ የሚከረፋ ሽታ የለውም።

እኛ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ግን ከሐይቅ ሩቅ ነን። ወደ ዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ወደ ጫሞ ሐይቅ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ ጣናም ከዚያ አይቀርብም። ስለዚህ ብዙው ዓሣ የሚደርሰን ራሱ ተቈርጦ፥ ቆዳው ተገፍፎ፥ አጥንቱ ወጥቶ፥ በላስቲክ ተጠቅልሎ፥ በበረዶ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነው። የሚመረመር ዓይን የለ፥ የሚገለጥ ጉንጭ የለ፥ ሽታውንም ብርዱ ሸሽጎታል። የአባቶቻችን ጥበብ ሁሉ የተጻፈው በዓሣው ራስ ላይ ነበርና፥ ራሱ ሲቀር ጥበቡም አብሮ ቀረ። በፈንታው ሌላ ጥበብ መማር አለብን ማለት ነው።

በረዶ በራሱ ጠላት አይደለም። ክላረንስ በርድዛይ የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1912 እስከ 1915 ላብራዶር በሚባለው በሰሜን አሜሪካ ብርዳም አገር ሲኖር፥ የአገሩ ተወላጆች ያጠመዱት ዓሣ በኃይለኛው ቅዝቃዜ ወዲያው ሲደርቅ፥ ከወራት በኋላም ሲበላ ጣዕሙን እንዳልለቀቀ አስተዋለ። ምሥጢሩ ፍጥነቱ ነበር። በዝግታ የሚቀዘቅዝ ሥጋ በውስጡ ያለው ውሃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራና የሥጋውን ሕዋሳት ይበጣጥሳል፤ ሲሟሟም ውሃው ከጣዕሙ ጋር ተንጠፍጥፎ ይወጣል። በፍጥነት የቀዘቀዘው ግን ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሚሆን ሥጋው ብዙ አይጎዳም። በርድዛይ በዚህ ዕውቀት ላይ ኩባንያ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ስፕሪንግፊልድ በምትባለው የማሳቹሴትስ ከተማ በፋብሪካ የቀዘቀዘ ዓሣና አትክልት ለሕዝብ መሸጥ ተጀመረ።

እንግዲህ መያዝ የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፤ በረዶ ያቆያል እንጂ አያሻሽልም። ትኩስ ሆኖ የገባውን እንደ ትኩስነቱ ያቆያል፤ ሊበላሽ ጀምሮ የገባውንም እንደዚያው ሸሽጎ ያቆየዋል። ተሕዋስያኑ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ አይራቡም እንጂ ሁሉም አይሞቱም፤ በረዶው ሲሟሟ ሥራቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዓሣው ከመቀዝቀዙ በፊት ያለፈው ሰዓትም ብዙ ይወስናል። በ10 ዲግሪ ሙቀት የሚቀመጥ ዓሣ በደቀቀ በረዶ ውስጥ ከሚቀመጠው አራት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይበላሻል። በቆላው ፀሐይ ያለ በረዶ ጀልባ ላይ የዋለው ዓሣ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስበው።

ታዲያ ራስ የሌለውን ዓሣ በምን እንለየው? አንደኛ፥ በላስቲኩ ውስጥ ያለውን በረዶ ማየት ነው። በውስጡ አመዳይ ከሞላ፥ ወይም ከሥሩ የረጋ በረዶ ካለ፥ ዓሣው አንድ ጊዜ ሟምቶ እንደገና የደረቀ መሆኑን ያመለክታል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፥ በሥጋው ላይ ነጭና ደረቅ ንጣፎች ካሉ ብርዱ እርጥበቱን መጥጦታል ማለት ነው፤ ሰው አይጎዳም፥ ነገር ግን ሲበሰል እንደ ገለባ ይሆናል። ያ እኛ የጓጓንለት ነጭነት ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሦስተኛ፥ ጠርዙ ወደ ቢጫነት ካደላ ስቡ አርጅቷል፤ የሰነፈጠ ዘይት ጣዕም ይሰጣል። አራተኛ፥ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ፥ ከፍሪዘሩም አፍ ሳይሆን ከታች በኩል መምረጥ ነው።

ቀጥሎ የሚዛን ነገር አለ። ዓሣው እንዳይደርቅ በስስ የበረዶ ሽፋን መልበሱ የታወቀ፥ የሚጠቅምም አሠራር ነው። ነገር ግን ሽፋኑ ሲወፍር ገዢው ውሃ በዓሣ ዋጋ ይገዛል። ከአንዱ ኪሎ ውስጥ 20 ከመቶው በረዶ ቢሆን የተገዛው ዓሣ 800 ግራም ብቻ ነው፤ በርካሽ ገዛሁ ያለው ሰው ሒሳቡን ቢሠራ ከጎረቤቱ የበለጠ ከፍሎ ይገኛል። ይህ ነገር ይልቁንም የሚታየው ከባሕር ማዶ በሚመጣው ሽሪምፕ ላይ ነው። በሽሪምፕ ከረጢት ላይ 21/25 የሚል ቍጥር ቢታይ፥ በአንድ ፓውንድ፥ ማለት በ454 ግራም ውስጥ፥ ከ21 እስከ 25 ፍሬ አለ ማለት ነው፤ ቍጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል። የተጣራ ክብደት የሚለውን ቃል ፈልጎ ማንበብ ከዋጋው በፊት መቅደም አለበት። ውሃ እንዲይዝ በፎስፌት የተነከረ እንደ ሆነም በከረጢቱ ላይ ከተዘረዘሩት ነገሮች መካከል መፈለግ ነው።

ከገንዘብም የሚከብድ ነገር አለ፤ እርሱም ስም ነው። ቆሮሶ፥ አምባዛና ናይል ፐርች በሕይወት ሳሉ ማንም አያሳስታቸውም፤ ቆዳቸው ከተገፈፈ በኋላ ግን ብዙ ሰው አይለያቸውም። የቆሮሶ ሥጋ ነጣ ብሎ ስስ ነው፤ የናይል ፐርች ወፍራም ነው፤ የአምባዛ ወደ ቀይነትና ወደ ግራጫነት ያደላል። አምባዛ ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ መታዘዙን የሚጠብቁ ብዙ ምእመናን አሉ፤ ሽሪምፕንም የማይበሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ለሚበላው ሰው አምባዛ ጣፋጭ ምግብ ነው። ነገር ግን ለማይበላው ሰው «ዓሣ» ተብሎ ብቻ ቢሸጥለት የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሳያውቅ ሕሊናውን እንዲያቆሽሽ ተደርጓል።

ስለ ጣዕም ካነሣን ዘንድ፥ አንዳንድ ሰው ጭቃ ጭቃ የሚል ዓሣ ሲያጋጥመው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሽታው የሚመጣው በሐይቁ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ፍጥረታት ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ነው፤ ዝናብ በደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ የሚሸተን የአፈር ሽታ ከዚሁ የተገኘ ነው። ኮምጣጣ ነገር ስለሚያፈርሰው እናቶቻችን ዓሣን በሎሚ ማሸታቸው ከንቱ ልማድ አልነበረም። ሎሚ ግን የጭቃን ሽታ እንጂ የብልሽትን መዘዝ አያስወግድም። የሚከረፋውን ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ ሸፍኖ ለእንግዳ ማቅረብ ራስንም እንግዳንም ማታለል ነው።

ደኅናውን ዓሣ ገዝቶ በቤት ማበላሸትም አለ። የተጣደፈ ሰው በፈላ ውሃ ያሟሟዋል፤ ውጭው ሲበስል ውስጡ በረዶ ሆኖ ይቀራል። የሚሻለው ማታ ከፍሪዘር አውጥቶ በፍሪጅ ውስጥ ማሳደር፥ ከመጥበስም በፊት በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። አንድ ጊዜ ከሟሟም መልሶ ማድረቅ አይገባም።

ከዚያ እሑድ በኋላ ወደዚያው መደብር ተመልሰን ሻጩን ሦስት ነገር ጠየቅነው፤ ዓሣው ምን ዓይነት ነው? ከየት ሐይቅ መጣ? መቼ ቀዘቀዘ? ሻጩ ደንገጥ ብሎ አየንና፥ «ወንድሜ፥ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ዋጋውን ብቻ ነው» አለን። በመጀመሪያ ተናደድንበት፤ በኋላ ግን እውነቱን መሆኑ ገባን። ሁለት ኪሎ ስንገዛ እኛም ዋጋውን ብቻ ነበር የጠየቅነው።

የተማረ ሰው በቢሮው ውስጥ ሰነድ ሳያገላብጥ አይፈርምም። ከደመወዙ ቈርጦ የሚከፍልበትን፥ ለልጁና ለእንግዳው የሚያቀርበውን ምግብ ግን ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ይወስዳል። አንድ ገዢ ቢጠይቅ ሻጩ ይደነግጣል፤ አሥር ቢጠይቁ መልስ ያዘጋጃል፤ መቶ ቢጠይቁ በላስቲኩ ላይ ይጽፈዋል። ዓሣው ራሱን በሐይቅ ዳር ትቶ መጥቷልና፥ ገዢው የራሱን ራስ ይዞ ወደ ገበያ ይሂድ።