እጅ ሲነሳ የሚሸሸው ጣቢያ፦ ስለ ራዲዮ ማዞሪያ ዘንግ

በስቶክሆልም ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ስፖንጋም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የአጭር ሞገድ መቀበያ በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ችግር ይገጥመዋል። ማዞሪያውን ይዞ ጣቢያውን ያገኛል፤ እጁን ሲያነሳ ድምፁ ይጠፋል፤ መልሶ ሲነካው ይመጣል። ብዙውን ጊዜ መንስኤው ማዞሪያው በተለዋዋጩ ካፓሲተር ላይ በቀጥታ መተከሉ ነው።

የሰው አካል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እጅ ወደ ካፓሲተሩ ሲጠጋ እንደ ተጨማሪ ሰሌዳ ይሆንና የካፓሲተሩን መጠን ከፍ ያደርጋል። በ10 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሰርኪዩት በጠቅላላ 50 ፒኮፋራድ ቢኖረውና እጅ 0.1 ፒኮፋራድ ብቻ ቢጨምርበት፣ መቀበያው 10 ኪሎኸርዝ ያህል ይንሸራተታል። የአጭር ሞገድ ሥርጭቶች በ5 ኪሎኸርዝ ልዩነት ስለሚደረደሩ፣ ይህ ሁለት ቦታ የመዝለል ያህል ነው።

መፍትሔው ካፓሲተሩን ከፊት ገጹ አርቆ ከጥቅል ሽቦው አጠገብ መትከልና ማዞሪያውን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ረጅም ዘንግ ማገናኘት ነው። የፊት ገጹ ከብረት ተሠርቶ ከመሬት መስመር ጋር ከተያያዘ ደግሞ እንደ ጋሻ ያገለግላል። ለመቀበያ የደረቀ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ይበቃል። ለእጅ የሚቀርበው እርሳስ ግን አይመከርም፤ ውስጡ ያለው ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና።

ከአሮጌ ዕቃ ክፍል የሚለቅም ሰው ሁለት የዘንግ መጠኖች ያጋጥሙታል፦ በአውሮፓ የተለመደው 6 ሚሊሜትርና የአሜሪካው 6.35 ሚሊሜትር። የአሜሪካው ማዞሪያ በአውሮፓው ዘንግ ላይ ይላላል፤ ቀጭን የነሐስ ቅጠል ቢጠቀለልበት ይጠብቃል። የአውሮፓው ማዞሪያ ግን በአሜሪካው ዘንግ ላይ ጨርሶ አይገባም።

ዋናው ፈተና መጋጠሚያው ነው። ሁለት ዘንጎች በጠንካራ ቱቦ ሲያያዙ ፍጹም በአንድ መስመር ካልዋሉ ይጣበቃሉ፣ ካፓሲተሩንም ያደክማሉ። አጭር የጎማ የነዳጅ ቱቦ በማጥበቂያ ቢታሰር ጥቂት መዛነፍን ይችላል። ቱቦው ከረዘመ ግን ራሱ ይጠማዘዛል፤ ማዞሪያው ቀድሞ ይዞርና ካፓሲተሩ ዘግይቶ ይከተላል። በግማሽ ዙር 6 ሜጋኸርዝ የሚያካልል ካፓሲተር በአማካይ በአንድ ዲግሪ 33 ኪሎኸርዝ ስለሚጓዝ፣ የአንዲት ዲግሪ መዘግየት ከስድስት ጣቢያ በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ የሁለቱ ዘንጎች ጫፎች በቱቦው ውስጥ በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሊራራቁ ይገባል።

ዘንጉ የፊት ገጹን በሚያልፍበት ቦታም ድጋፍ ይሻል። ለዚህ የተቃጠለ ፖቴንሺዮሜትር የሚያህል ነገር የለም። ሆዱ ተፈትቶ ዘንጉ ሲወጣ ጥርስ ያለው አንገቱ ከነማሰሪያ ብሎኑ ይቀራል፤ በፊት ገጹ ቀዳዳ ላይ ሲታሰር ለ6 ሚሊሜትር ዘንግ ልክ የሆነ መሸከሚያ ይወጣዋል።

ጉዳዩ ወደ ማሰራጫ ሲሸጋገር ደግሞ የደኅንነት ጥያቄ ይሆናል። በስዊድን የራዲዮ አማተሮች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1925 ተመሥርቷል፤ የኢትዮጵያ አቻው ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ይገኛል። አማተሮች አንቴናን ከማሰራጫ ጋር ለማጣጣም በሚሠሩት ሣጥን ውስጥ የካፓሲተሩ ዘንግ ራሱ ብዙ ጊዜ ከመሬት መስመር የተለየ ነው፤ በ100 ዋት ኃይልም ቢሆን አንቴናው ካልተስማማ ከ1000 ቮልት በላይ ሊሸከም ይችላል። ዘንጉ እስከ ፊት ድረስ ብረት ከሆነ፣ የማዞሪያውን ትንሽ ብሎን የነካ ጣት ይቃጠላል። እዚህ ላይ እርጥበት የሚስብ እንጨትም ሆነ ካርቦን የተቀላቀለበት ጥቁር ጎማ አይታመንም፤ ዘንጉ የፋይበርግላስ ወይም የወፍራም ፕላስቲክ መሆን አለበት።