ባቡሩ ሞልቶ ካዝናው ለምን ይጎድላል?

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ጦር ኃይሎች ይዘልቃል። ሁለቱ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ለግንባታው ከወጣው 475 ሚሊዮን ዶላር 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው።

ሲጀመር ታሪፉ እንደየርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በዚህ ዋጋ የመብራት፣ የደመወዝና የጥገና ወጪ አይሸፈንም ነበር፤ ጉድለቱን የሚሞላው የመንግሥት ድጎማ ነበር። ይህ ነውር አይደለም፤ በብዙ አገር የከተማ ባቡር የሚሄደው በድጎማ ነው። መጠየቅ ያለበት ድጎማው ምን እንዳስገኘ ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ጎማውን ማየት ይበቃል። የብረት ጎማ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ ይበላል። በየጊዜው በቶርኖ ይስተካከላል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይቀየራል። አዲሱ የሚገዛው ከውጭ በዶላር ነው፤ ባቡሩ የሚሰበስበው ግን ብር ነው። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ የሆኑበት ጊዜ የመጣው በዋናነት በመለዋወጫ እጥረት ነው።

የቆመ ባቡር መዘዙ ብዙ ነው። ተሳፋሪው ረጅም ሰዓት ይጠብቃል፣ የመጣው ባቡር እስከ በሩ ይሞላል፣ በግፊያው መሀል ቲኬት መቆጣጠር ያስቸግራል፣ ገቢው ይቀንሳል፣ ጥገናውም ይዘገያል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ እዚያ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም ይስተጓጎላሉ።

መፍትሔው ድጎማን የኪሳራ መሙያ ከማድረግ ይልቅ የአገልግሎት መግዣ ማድረግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የሕዝብ ትራንስፖርት ደንብ የሚለው ይህንኑ ነው፦ የመንግሥት ባለሥልጣኑና አገልግሎቱን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ውል ይገባሉ፣ የክፍያው ስሌትም አስቀድሞ ይወሰናል። በእኛም አገር ውሉ በየማለዳው ስንት ባቡር ከዴፖ እንደሚወጣ፣ በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚመላለስና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ቢያስቀምጥ፣ ከንቲባውም ተሳፋሪውም ሥራውን መመዘን ይችላሉ። ለመለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ቀድሞ መመደብ፣ የየዕለቱን ገቢ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ ቲኬትም መዘርጋት አለበት።

ታሪፍ መጨመር ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ባቡሩን በሰዓቱ ያላገኘ ሕዝብ ተጨማሪ ክፈል ሊባል አይገባም።